ከአምስት ፓሌት አንድ ለማውጣት እየታገልኩ ነው (እየሠራሁ የምጽፈው)

ቅዳሜ መጋቢት 6

ሁዳዴ ነው፣ ሰርግ የለም፣ ሙሽራ ማስዋብ ለምሠራ ሰው ሥራም የለም፣ እኔ ደሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። ስለዚ ከጥር ጀምሮ ስዝትበት የነበረውን ነገር ዛሬ ጀመርኩ፣ ያሉኝን የዓይን ሻዶዎች (የዓይን ቆብ ላይ የሚደረግ ቀለም) በሙሉ ከየቤታቸው ፈልቅቄ የምጠቀምባቸውን ብቻ አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት። ሙሽራ ቤት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደርሼ አምስት ፓሌት (ብዙ ሻዶ የሚደረደርበት ማሸጊያ) ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋ ለሻይ ብርጭቆ እንኳን ቦታ አይተርፍም፣ ከእያንዳንዱ የምነካው ግን ሁለት ሦስት ቀለም ነው። ጥር ላይ ደሞ አንዱ ከእጄ አምልጦ ሊሾ ላይ ወደቀና የምወደው ቡናማ ዱቄት ሆነ፣ የሙሽራዋ እናት ነጭ ቀሚስ ለጥቂት ተረፈ። የዛን ቀን ነው በቃ ያልኩት።

ቆጠርኳቸው። ባለ 35 አንድ፣ ባለ 18 አንድ፣ ባለ 9 ሁለት፣ ባለ 4 አንድ፣ ነጠላ ሦስት። 78 ቀለም! ከዚህ ውስጥ መሃሉ ጎድጎድ ያለው ወይም ስሩ ብረቱ የታየው ስንት ይመስላችኋል፣ 11። ሌላው እንደተገዛ ነው። ዋጋውን አስቤ ማስላት ጀምሬ ተውኩት፣ ጾም ነው፣ ሰላም ልሁን።

ሳጥን ፍለጋ ቤቱን ሳተራምስ የወንድሜን የኮምፓስ ቆርቆሮ አገኘሁ። ያቺ ማስመሪያና ፕሮትራክተር ምናምን የሚቀመጥባት፣ ክዳኗ በማጠፊያ የሚከፈት። ውስጧን ለካሁት፣ 17 ሴንቲ በ6.5፣ ጥልቀቷ 1.7። አብዛኛው ክብ ሻዶ ወርዱ 26 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚ ስድስት ስድስት ሆኖ በሁለት ረድፍ 12 ይገባል። 12 ብቻ። መጀመሪያ ትንሽ መስሎኝ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ልፈልግ ነበር፣ በኋላ ግን ከ78 የምጠቀመው 11 ከሆነ ምን ቆርጦኝ ነው አልኩ። ወንድሜ በ50 ብርና በአንድ ወር ሞባይል ቻርጅ ውሰጂ ብሏል (ቻርጁን አልሰጥም)።

እሁድ መጋቢት 7

በቀላሉ ልጀምር ብዬ ከባለ 35ቱ ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ካርቶን ነው፣ ካርቶን እሳት አያስፈልገውም። ላዩ ላይ ያለውን ጥቁር ወረቀት በካተር ጠርዙን ይዤ ላጥኩት፣ ከስር ሻዶዎቹ በቀዳዳ በቀዳዳ ተቀምጠው በማስቲሽ ተለጥፈዋል። በሲሪንጅ (መርፌውን አውጥቼ) በእያንዳንዱ ጠርዝ ሦስት አራት ጠብታ አልኮል አንጠባጠብኩ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩና በቢላ ጫፍ ከስር ሳነሳው ብድግ አለ። ወይኔ ደስታዬ! እየዘፈንኩ ነበር፣ እማዬ ሰንበት ነው ጸልይ አለችኝ እንጂ፣ እሷ ስትቆጣ እንደ ወንድ ነው የምትጠራኝ።

አንድ የተማርኩት ነገር፣ አልኮሉ ከላይ ሻዶው ላይ እንዳይፈስ። አንዱ ላይ ፈሰሰና ቦታው ጠቆረ፣ ሲደርቅ ተመለሰ ግን ላዩ ጠጠረ። ፕላስተር ለጥፌ ላጥ ሳደርገው የጠጠረው ተነሳና ከስር ለስላሳው ወጣ። ይሄ የፕላስተር ነገር አልኮል ላልነካውም ይሠራል፣ ብሩሽ የፊት ወዝ እያመጣ ላዩን ሲያደነድነው ብዙ ሰው ሻዶው አረጀ ብሎ ይጥላል፣ አላረጀም፣ ላዩ ነው።

ከ35ቱ የፈለቀቅኩት ስምንት ብቻ ነው። የሌሎቹ ዕጣ ገና አልታወቀም።

ሰኞ መጋቢት 8

ማግኔት። ሰዉ ኦንላይን የሚያዘውን ዓይነት ስስ የማግኔት ወረቀት ሁለት ሱቅ ጠየቅኩ፣ አንዱ የፍሪጅ ላይ አበባ አወጣልኝ፣ አንዱ «እህቴ ማግኔት ለምንሽ ነው» ብሎ ሲያደርቀኝ ቆየ። ከዛ መንገድ ላይ ሰፈራችን ያሉት ፍሪጅ ሠሪ ጋሼ በራፋቸው ላይ የተጣለ የፍሪጅ በር ላስቲክ አየሁ። የፍሪጅ በር ጥብቅ ብሎ የሚዘጋው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ላስቲኩ ውስጥ ረጅም የማግኔት ጥብጣብ አለ እኮ!

«ጋሼ ይሄን ይሸጡልኛል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ቆሻሻ ነው።» «እኔ ግን እፈልገዋለሁ።» አዩኝ፣ አዩኝ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ በካተር ቆርጠው ሰጡኝና ብር አልቀበልም አሉ። ቤት ገብቼ ላስቲኩን ሰንጥቄ ጥብጣቡን ሳብኩት፣ ጥቁር፣ ወርዱ አንድ ሴንቲ የማይሞላ፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ፣ በመቀስ የሚቆረጥ። ከላይ የሻገተ ነገር ስለነበረበት በኦሞ አጠብኩት።

ከዛ ጥብጣቡን ሳጥኑ ወለል ላይ ደረደርኩ (ሳጥኑ ቆርቆሮ ስለሆነ ያለ ማስቲሽ ራሱ ይይዛል)፣ ትናንት ያወጣኋቸውን ስምንቱን አስቀመጥኩና ሳጥኑን ገለበጥኩት። ስምንቱም አልጋዬ ላይ ዱብ ዱብ ዱብ። ምንም አልያዘም! ከነጠላዎቹ አንዷን (ማክ የሚባል ድርጅት ሻዶ ናት) ሞከርኩ፣ ቀጭ ብላ ተለጠፈች።

ነገርዬው የገባኝ ቆይቶ ነው። የማክዋ ስሯ የብረት ቆርቆሮ ነው፣ የባለ 35ቱ ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ማግኔት አይወድም። ስለዚ ሻዶ ስትፈለቅቁ መጀመሪያ ማግኔት አስጠግታችሁ የቱ የቱ እንደሆነ እወቁ። ለእኔ ግን እድል ሆኖ ሳጥኔ ቆርቆሮ ነው፣ ስለዚ አሠራሩን ገለበጥኩት፣ ማግኔቱን ሳጥኑ ላይ ሳይሆን እያንዳንዱ ሻዶ ስር እለጥፋለሁ፣ ያኔ የሻዶው ብረት ምንም ይሁን ምን ማግኔቱ ራሱ ቆርቆሮውን ይይዛል። ሳጥናችሁ ካርቶን ወይ ፕላስቲክ ቢሆን ደሞ ማግኔቱ ወለሉ ላይ ይሆንና አሉሚኒየሞቹ ስር ስስ ቆርቆሮ ቆርጦ መለጠፍ ግድ ነው። አንድ ተጨማሪ፣ የዚህ ጥብጣብ አንደኛው ፊቱ ከሌላው ይበልጥ ይይዛል፣ ከመለጠፋችሁ በፊት በመርፌ ቁልፍ ሞክሩት።

ረቡዕ መጋቢት 10

የፕላስቲኮቹ ቀን። ሲያስፈራኝ የነበረው ይሄ ነው።

ፕላስቲክ ፓሌት ላይ ሻዶው በሙቀት በሚቀልጥ ማስቲሽ ነው የተያዘው፣ ስለዚ ከስር ማሞቅ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አፍስሺበት የምትሉ አትሞክሩት፣ አሴቶን ፕላስቲኩን ራሱን ነው የሚያቀልጠው፣ ሁሉም ነገር ለጥ ያለ ሙጫ ይሆናል። ሻማ የሚጠቀምም አይቻለሁ፣ አጠገቡ አልኮል ተቀምጦ! እኔ የድሮ ፔስትራዬን (የጸጉር መተኮሻ) አወጣሁ። ሁለቱን ሰሌዳ ገጥሜ ቤኪንግ ፔፐር ጠቀለልኩበት፣ በመጽሐፍ ደገፍኩት፣ ትንሹ ላይ አደረግኩና (የእኔ 150 ነው ዝቅተኛው) ባለ 4ቱን ከላዩ አስቀመጥኩ። መስኮት ተከፍቷል፣ ማስክ አድርጌያለሁ፣ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ራስ ምታት ነው።

ሦስት ደቂቃ። የታችኛው ፕላስቲክ ለስለስ ማለት ሲጀምር በስፒል ከስር ቀዳዳ በስቼ ወደ ላይ ገፋሁ፣ አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛውን በወረንጦ ይዤ እያወጣሁ እያለ መብራት ጠፋ።

እንደዚህ ዓይነት ሰዓት ላይ ነው እንዴ! ማስቲሹ ወዲያው ደረቀ፣ አራተኛዋ (ወርቃማዋ፣ ለሙሽራ ዓይን መሃል የማደርጋት) ግማሽ ወጥታ ግማሽ ገብታ ቀረች። እማዬ ከሰዓት በፊት እንጀራ ጋግራ ስለነበር ምጣዱ አሁንም ትኩስ ነው፣ እና አፌ አምልጦኝ «እማ፣ ፓሌቱን ምጣዱ ላይ አንዴ ብቻ...» አልኳት። የመለሰችውን እዚህ አልጽፈውም። ምጣዱን ከእኔ ለመጠበቅ አክንባሎውን ደፍታ በላዩ ላይ ወንፊት አስቀመጠችበት።

መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። በቢላ ጎትቼ ወርቃማዋን መሃል ለመሃል ሰነጠቅኳት። መብራቱ ከ40 ደቂቃ በኋላ መጣ።

ከሁለቱ ባለ 9 የምፈልጋቸውን ብቻ ማታ አወጣሁ፣ እነሱ ስራቸው ሳይሞቅ ቶሎ አይለቅም፣ አንድ ረድፍ አንድ ረድፍ እያደረጋችሁ ነው የምትሄዱት። ከባለ 18ቱ አምስት ብቻ አወጣሁ። የብልጭልጮቹን ፔስትራ ላይ ብዙ አታቆዩ፣ ውስጣቸው ዘይት ነገር ስለሚበዛ ይላላሉ፣ ስትነኩት እንደ ቅቤ ነው፣ እስኪበርድ ዝም በሏቸው ይመለሳሉ። ስሩ ላይ የቀረውን ማስቲሽ ገና ትኩስ እያለ በስቴኪኒ መጥረግ፣ ከደረቀ በአልኮል ጥጥ።

ሥራው ከማለቁ በፊት ደሞ በየሻዶው ስር ትንሽ ፕላስተር ለጥፌ ስሙንና የተከፈተበትን ወር ጻፍኩ። ማሸጊያው ጀርባ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ ስዕል አለ አይደል፣ 12ኤም ወይ 24ኤም የሚል፣ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ማለት ነው። ከማሸጊያው ካወጣችሁት በኋላ ይሄን ማንም አይነግራችሁም።

ቅዳሜ መጋቢት 13

ከሐሙስ ጀምሮ ሁለት ነገር እየጋገርኩ ነበር፣ ጥር ላይ የወደቀውን ቡናማና ረቡዕ የገደልኳትን ወርቃማ።

አሠራሩ ይሄ ነው። የተሰባበረውን በንጹህ ማንኪያ ጀርባ ጥሩ አድርጎ ማድቀቅ፣ ጠጠር ከቀረ ብሩሽ ላይ ይታያል። ከዛ አልኮል በጠብታ፣ እኔ ለአንድ ሻዶ ዘጠኝ አሥር ጠብታ ገደማ ፈጅቶብኛል። ልኩን በዓይን ለማወቅ፣ በሶ ጨብጣችሁ ታውቃላችሁ? ጭብጦ ሲሆን፣ እጅ ላይ ሳይጣበቅ የሚይዝበት ሰዓት አለ፣ እሱ ነው። አጥሚት ከሆነ አበዛችሁ። ወደ ቆርቆሮው መልሳችሁ ከላይ ንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ በሳንቲም መጫን። የአንድ ብሩ ሳንቲም አልገባም አለኝ፣ ሃምሳ ሳንቲሟ ግን ልክ ናት። ጨርቁ እርጥበቱን እየጠጣ ዱቄቱን ያጠብቀዋል፣ ጨርቅ እየቀያየርኩ ሦስት ጊዜ ጫንኩ። የተጠቀምኩት የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ስለሆነ የነጠላው ሽመና ሻዶው ላይ ታትሞ ቀርቷል፣ በጣም ነው ያማረብኝ፣ ፋብሪካ አያወጣውም።

ቡናማው የተሠራው በየፋርማሲው በሚሸጠው 70 ፐርሰንት ነው፣ ሌላው 30 ውሃ ስለሆነ ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ጠርዙም ትንሽ ሸሸ። ወርቃማዋን በ96 ሞከርኩ፣ በአንድ ሌሊት ደረቀች። ግን ለምድጃ የሚሸጠውን ባለ ቀለም ስፒሪት እንዳታስቡት፣ ይሄ ዓይን ላይ የሚሄድ ነገር ነው። ሲደርቅ ደሞ ክዳን አትክደኑ፣ እሳት አጠገብም አታድርጉ፣ ፔስትራም ቢሆን።

ውጤት፣ ቡናማው እንደ አዲስ ነው። ወርቃማዋ ከበፊቱ ትንሽ ደረቅ ብላለች፣ ብሩሹን ካላረጠብኩት አትነሳም። ከነ ጉድለቷ ትግባ።

እሁድ መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት

ከቤተክርስቲያን መልስ የምርጫ ቀን አደረግኩት። 29 ሻዶ ወጥቷል፣ ቦታው 12 ነው።

መስኮት ስር ተቀምጬ ክንዴ ላይ ሁሉንም አሰመርኩ። እዚህ ላይ ነው የብዙ ፓሌት ጉድ የሚወጣው። እነዛ ቆርቆሯቸው ላይ ቁጭ ብለው የሚያምሩ ፈዛዛ ሮዝ፣ ፈዛዛ ሐምራዊ፣ ክሬም ምናምን ጠይም ቆዳ ላይ ሲሄዱ አመድ የነካው ሰው ያስመስላሉ። ውስጣቸው ነጩ ቀለም (ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ) ስለሚበዛ ነው፣ ነጩ ከላይ ይቀመጣል፣ ቀለሙ አይታይም። እህቴ ከእኔ ጠቆር ትላለች፣ እሷ ላይ ደሞ ይብሳል። ስለዚ ለዓይን ቆብ መነሻ የሚሆነኝን ከክሬም ወደ ካራሜል ቀየርኩት። ከዚህ በፊት ሙሽሮች ላይ ክሬም እያደረግኩ ፎቶ ላይ ዓይናቸው ለምን እንደሚጎረብጠኝ አሁን ነው የገባኝ፣ ይቅርታ የምላቸው ሦስት ሙሽሮች አሉ፣ ስማቸውን ትቼዋለሁ።

የገቡት እስካሁን፣ ካራሜል፣ ሁለት ቡናማ (አንዱ ከወደቀው)፣ የበሰለ ጡብ የመሰለ ቀይ ቡናማ፣ ብርቱካን ቢጤ ለመቀላቀያ፣ ነሐስ፣ ወርቃማዋ፣ የማክዋ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር አረንጓዴ የመልሱ ቀን ለሀበሻ ቀሚስ ጥለት የሚሄድ፣ ጥቁር። አሥር። ሁለቱ ቦታ ላይ እህቴ ጋር ተጣላን፣ እሷ ሐምራዊ ትላለች። ሐምራዊውን ማን ይጠይቀኛል ብላት «ዘንድሮ ይጠይቁሻል» አለች፣ እሺ አስገባሁ። አሥራ ሁለተኛዋን የሻምፓኝ ብልጭልጭ አደረግኳት።

ከባለ 18ቱ አንድ የሚጮህ ሮዝ በጣም አማረኝና ማሸጊያውን ገልብጬ ሳነብ «ለዓይን አካባቢ አይሁን» ይላል። የዓይን ሻዶ መስሎ ተሽጦ! እንደዚህ የሚጮሁት ሮዝና ቀይ ብዙ ጊዜ ይሄ ጽሑፍ አላቸው፣ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት አንብቡ። ቀረ።

ጓደኛዬ ደሞ ጥቁሩ ፈዘዝ ብሏል ስላት «ኩል ጨምሪበት» አለችኝ። አያቴ ከብልቃጧ በእንጨት እያወጣች ስትኳል ያየሁት ዓይኔ ላይ አለ፣ ደስ ይላል፣ ግን በብዙ ኩል ውስጥ እርሳስ አለ፣ ብረቱን ማለቴ ነው፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ለመዋቢያ ቀለምነት አልፈቀደውም። በሰው ዓይን ላይ አልሞክርም። ጥቁሩን ብሩሹን አርጥቤ ሳደርገው በቂ ጠቆረ።

ቅዳሜ መጋቢት 20

መገጣጠም። ከየሻዶው ስር ሁለት ሁለት ሴንቲ የሆኑ ሁለት የማግኔት ቁራጮች ጎን ለጎን፣ 48 ሴንቲ ጨረሰ። መጀመሪያ የቆርቆሮውን ስር በብርጭቆ ወረቀት ሻር ሻር አደረግኩት፣ ለስላሳ ከሆነ ማስቲሽ አይዝም። ሱፐር ግሉ ነው የተጠቀምኩት፣ አንድ ጠብታ፣ ሁለት ጠብታ ያደረግኩበት ከጣቴ ጋር ተጣብቆ በአሴቶን ነው የተላቀቅነው። ያላወቅኩት ነገር ደሞ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጢሱ ነጭ ነገር ይተዋል፣ ሻዶውን ወዲያው ሳጥን ውስጥ ከታችሁ ከዘጋችሁት ላዩ ላይ ይቀመጣል። ክፍት ላይ ማሳደር ነው።

ሳጥኑን ውስጡን ጥቁር ስፕሬይ ልቀባው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ቀለሙ በወፈረ ቁጥር የማግኔቱ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሽታውም አይለቅም። ዝገት የነበረበትን ጥግ ብቻ ጠረግኩ። ክዳኑ ላይ ወንድሜ በኮምፓስ ጫፍ የቦረቦረው «ሂሳብ ገደለኝ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ እሱም ይቀመጥ።

ከዛ ፈተና። ገለበጥኩት፣ ያዘ። ነቀነቅኩት፣ ያዘ። ክዳኑን ዘግቼ ከአልጋ ከፍታ ምንጣፍ ላይ ጣልኩት፣ ያዘ። ሊሾ ላይ ጣልኩት፣ ሁለት ተነሳ፣ ነሐሱና ካራሜሉ፣ አልተሰበሩም ግን ክዳኑ ላይ ቀለም ቀቡ። በሻዶዎቹና በክዳኑ መሃል ከአንድ ሴንቲ በላይ ባዶ አለ፣ የሚዘሉት ለዛ ነው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ስስ ስፖንጅ በክዳኑ ልክ ቆርጬ ሁለት ደርቤ ለጠፍኩ፣ ሲዘጋ ሻዶዎቹን ለስለስ አድርጎ ይጫናል። ድጋሚ ሊሾ ላይ። እማዬ ከሳሎን «ምንድነው የሚወድቀው!» ያዘ!

እሁድ ሚያዝያ 19፣ ከሰርግ መልስ

ዳግማይ ትንሣኤ፣ የሰርግ ብዛት አይነገርም፣ እኔ ሁለት ቤት ነበረኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነስቼ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዤ ወጣሁ፣ ጥበቃው «ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ» አለኝ።

አንደኛዋ ሙሽራ ላይ ስድስቱን ነካሁ፣ ሁለተኛዋ ላይ ሰባት። በየመሃሉ ላዩን 70 አልኮል በስሱ እየረጨሁ አደርቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ የማደርገው ነው፣ ዓይኗ የቀላ ሚዜ ካለች ግን ከሳጥኑ አልነካም፣ ከቀሩት 17ቱ ፍርፋሪ በማንኪያ ጫፍ አውጥቼ ሳህን ላይ ነው። ሁለተኛው ቤት አንዲት የሙሽራዋ አክስት «ይሄ የኮምፓስ ዕቃ አይደለም እንዴ?» ብላ ክዳኑን አነበበችና እስክትወጣ ሳቀች።

ችግሮች፣ ነሐሱ ስር ካሉት ማግኔቶች አንዱ ተላቋል፣ ሻር ማድረጉን የረሳሁት እሱን ነው መሰለኝ። ካራሜሉ በዚህ አያያዝ እስከ ሰኔ አይደርስም። ሐምራዊውን ማንም አልጠየቀኝም፣ ለእህቴ ገና አልነገርኳትም። ቦታውን ለሁለተኛ ካራሜል ልሰጠው ነው፣ ባለ 35ቱ ውስጥ ተቀራራቢ አንድ አለ፣ ነገ አልኮል አንጠባጥብበታለሁ። አሁን እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው፣ ልተኛ።